የእንደራሴው ብርጭቆ

«ማንም አይደለችም፤ የጋዜጣዋ ሴትዮ ናት።»

ዜሊ ይህን የሰማችው ኮሪደሩ ላይ፣ ከጃንጥላ ማስቀመጫው አጠገብ ቆማ ነው። የሳሎኑ በር ገርበብ ብሏል። ከውስጥ አንዲት እንግዳ «ማን መጣ?» ብላ ጠየቀች፤ መልሱን የሰጠችው ኦክታቪ ናት። ኦክታቪ ደግሞ የዜሊ ታላቅ እህት ናት፤ የአንድ እናት ልጆች፣ አንዲት ጠባብ አልጋ ላይ ራስና እግር ሆነው ያደጉ። ከስድስት ዓመት ዝምታ በኋላ ዜሊ ከእህቷ አፍ የሰማችው የመጀመሪያ ቃል «ማንም አይደለችም» ሆነ። ሌላ ሴት ብትሆን በሩን በርግዳ በገባች ነበር። ዜሊ ግን ጥፍሮቿን አየች። ከሥር ቀይ ናቸው፤ የሃያ ዓመት ቀለም በሎሚም በአመድም ታሽቶ አልለቀቀም። የቤት ሠራተኛዋም ገና ከታች ይህን አይታ ነበር በዋናው ደረጃ ያላሳለፈቻት፤ በኋላው በአሽከሮቹ ደረጃ፣ በከሰል ባልዲና በተቀቀለ ጎመን ሽታ መሃል ነው ሁለተኛ ፎቅ የደረሰችው። ብብቷ ሥር አንድ ጥቅል ወረቀት ይዛለች። በዚያ ወረቀት ላይ ፊርማ ካላገኘች ሰባት ሴቶች ብሩሻቸውን አጥበው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

በፓሪስ ሰውን በፌዝ ሥዕል ማዋረድ ክልክል አይደለም፤ ክልክሉ ሳያስፈቅዱ ማዋረድ ነው። አፍንጫውን ልታሳብጥበት ያሰብከው ሰው ዘንድ ባርኔጣህን አውልቀህ ትሄዳለህ፤ «ጌታዬ፣ ይፈቅዱልኛል?» ትለዋለህ፤ እሱም በገዛ እጁ «ይህ ሥዕል ቢወጣ አልቃወምም» ብሎ ይፈርምልሃል። ፊርማው ከሌለ የሚኒስቴሩ ቢሮ ማኅተም አይመታም፤ ማኅተሙ ከሌለ ጋዜጣው የፊት ገጹን ባዶውን ያወጣል። ሳምንታዊዋ «ጉጠት» ለመጪው እሑድ አንድ ሚኒስትር ተዘጋጅቶላት ነበር። ሰውየው ፈቅዶ፣ ሥዕሉ በማተሚያው ድንጋይ ላይ ሰፍሮ፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ሐሙስ ማለዳ ደብዳቤ ላከ፤ ሚስቴ ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ አደረች፣ ፈቃዴን አንስቻለሁ የሚል። ሚኒስትሩ ከድንጋዩ ላይ ታጥቦ ወደ ቦይ ፈሰሰ። ባዶ ገጽ ደግሞ ቀለም አይቀባም፤ ያልተቀባ ገጽ ሥዕሉን በእጅ ቀለም ለሚቀቡት ሴቶች አይከፈልበትም።

የዚህን ጊዜ ነው የጋዜጣው ባለቤት ፉልዣንስ ማርቦ ራሱን እያከከ ቀለም ቤቱ ውስጥ ብቅ ያለው።

«አንቺ ዜሊ፣ እህትሽን ያገባው ሰውዬ የሕዝብ እንደራሴ አይደለም እንዴ?»

«ነው። እኔን ግን አላገባኝም።»

«እስቲ ሂጂና አስፈርሚው።»

«ሙሴ ማርቦ፣ እነዚህ ሰዎች እኮ ለእናቴ ቀብር የአበባ ጉንጉን ልከው ራሳቸው የቀሩ ናቸው።»

«ታዲያ አሁን ለቀብር አይደለም የምትጠሪያቸው፤ ለክብር ነው!»

ሠዓሊው ኦኔዚም ቆሞ እንደ ዋዛ ሞነጫጨረላት፦ የሰውየውን ትልቅ ራስ፣ ወፍ የምታህል ገላ፣ በእጁ የተጣመመ ጃንጥላ፣ ከሆዱ ቀድሞ የሚሄድ አፍንጫ። ሴቶቹ አይተው ተንከተከቱ። ዜሊ ወረቀቱን ጠቀለለች፤ የእሑድ ቀሚሷን ስላልለበሰች ከቀቢዎቹ የአንዷን፣ የፊሎሜንን ሻርፕ ተዋሰችና ወጣች። መንገዱን ሁሉ ስትሄድ ያሰበችው ስለ ፊርማው አልነበረም። ኦክታቪ በሩን ስትከፍት ምን እንደምትላት ነበር የምታስበው፤ ደግሞም በልቧ፣ ሳታምንበት፣ «ዜሊዬ» ትለኛለች ብላ ተመኝታ ነበር።

አሁን ወደ ሳሎኑ አስገቧት። ክፍሉ ከመጋረጃ ብዛት የተነሳ ቀኑን የሚፈራ ይመስላል። ወርቅ የተቀባው ሰዓት፣ ወርቅ የተቀባው የመስተዋት ክፈፍ፣ ማንም ተቀምጦባቸው የማያውቅ የሚመስሉ አራት ወንበሮች። እንግዳዋ ማዳም ቪልኩር የመጋረጃውን ጫፍ በጣቶቿ መሃል እያሸች ዋጋውን ትጠይቃለች፤ ኦክታቪም ሜትሩ አሥራ ሁለት ፍራንክ መሆኑን፣ ነገር ግን ነጋዴው ለእንደራሴው ብሎ በአሥራ አንድ እንደሰጣቸው ትናገራለች። እጆቿ ላይ የዳንቴል ጓንት አድርጋለች፤ በገዛ ቤቷ፣ በሰኔ ሙቀት። ለምን እንደምታደርገው የሚያውቅ ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ ዜሊ ብቻ ናት። ኦክታቪ ሳታገባ በፊት በ«ጉጠት» ቀለም ቤት፣ በመስኮቱ በኩል ባለው ወንበር፣ ቀዩን ቀለም የምትቀባው እሷ ነበረች። ባለ ቀይ ጥፍር የእንደራሴ ሚስት ደግሞ በፓሪስ አልተለመደችም።

ሙሴ አልሲድ ፔርድሪዜ እሳት በሌለው ምድጃ ላይ ተደግፎ ቆሟል። በእጁ ነጭ የሸክላ የሻይ ሲኒ ይዟል። ሰውየው የመጠጥ ጠላቶች ማኅበር ፕሬዚዳንት ነው፤ ማዳም ቪልኩር ገንዘብ ያዥ ናት፤ ለማኅበሩ የበዓል ንግግር ለመዘጋጀት ነው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የተገናኙት። ሥዕሉን ዘርግታ ስታሳየው ፊቱ ቀላ። የተሰደበ ሰው ሊቆጣ ለሚገባው ጊዜ ያህል፣ ሳይጨምርም ሳይቀንስም ተቆጣ።

«ይሄ ስድብ ነው! ሠላሳ ሺህ ሰው የመረጠኝን ሰው! ... መቼ ነው የሚወጣው?»

«እሑድ ነው፣ ጌታዬ።»

«የፊት ገጽ ላይ?»

«የፊት ገጽ ላይ። በቀለም።»

የቆጨው ነገር ዜሊ ሳትጠይቀው ከአፉ ወጣ። ከእሱ ጋር ከአንድ አውራጃ የተመረጠው ካስታኞል የሚባለው ባላንጣው ባለፈው ወር ዱባ ሆኖ ተስሏል። ዱባ! ከዚያ ወዲህ ሰውየው መንገድ ላይ ሲያልፍ ሕዝቡ ባርኔጣውን እያነሳ «እንዴት ዋልክ ዱባዬ» ይለዋል፤ ትምባሆ ሻጩ እንኳ ሥዕሉን መስኮቱ ላይ ሰቅሎለታል። አልሲድ ፔርድሪዜ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አገር ሲያገለግል አንድ ሰው እንኳ አትክልት አድርጎ ሊስለው አላሰበም። ሰው ሲሰድቡት ያመዋል፤ ሳይሰድቡት ሲቀሩ ደግሞ ይብስበታል። እንደራሴውም ካስታኞልን ባነሳ ቁጥር ከሲኒው አንድ ጊዜ ይጎነጭ ነበር።

«እፈርማለሁ» አለ በመጨረሻ፤ «ግን እውነት ይሁን። አፍንጫው በዝቷል። ኦክታቪ፣ የኔ አፍንጫ እንዲህ ነው?»

«አይደለም» አለች ኦክታቪ፣ ወደ ምንጣፉ እያየች።

አፍንጫውም እንደ ታናሽ እህቷ ተካደ። ዜሊ ከሻርፗ እጥፋት እርሳስና የደረቀ የዳቦ ልብ አወጣችና ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተንበርክካ አፍንጫውን በዳቦው ፍርፋሪ አጠፋች። የቀጠለው የገበያ ክርክር ነው። ሆዱ ገባ አለ። ፀጉር ተጨመረ፤ እንደገና ተጨመረ። ገላው ከወፍ ወደ ሰው አደገ። መታጠቂያው፣ ያ እንደራሴዎች የሚያገለድሙት ባለ ሦስት ቀለም ጨርቅ፣ ሰፋ። ማዳም ቪልኩር መነጽሯን አስተካክላ ጎንበስ አለችና ጃንጥላውን በጣቷ ነካች።

«ክቡር ፕሬዚዳንት፣ በዚህ ፈንታ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቢይዙስ? ከፍ አድርገው፣ ለሕዝቡ እንደሚያሳዩ ሆነው?»

«እንዴ! ይሄማ ንግግር ነው!» አለ ፔርድሪዜ፤ «ሴትዮ፣ ብርጭቆ አድርጊው። ሞላ አድርጊው እንጂ፣ ግማሽ ውሃ አያምርብኝም።»

ጃንጥላው ጠፍቶ ብርጭቆ ሆነ። ሰውየውም ለመፈረም ሲጎነበስ ሲኒውን ከነማስቀመጫው ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ አኖረውና ረስቶ እንደገና ሲኒውን ብቻ አነሳው። ነጩ ማስቀመጫ ላይ ቀላ ያለ ክብ ምልክት ቀረ። ዜሊ ዕድሜዋን በቀለም የጨረሰች ሴት ናት፤ ሻይ ምን ዓይነት ክብ እንደሚተው ታውቃለች፤ ይህ የሻይ አልነበረም። የዳንቴል ጓንት ያደረገ እጅ ፈጠን ብሎ መጥቶ ክቡ ላይ ናፕኪን ጣለበት። እህትማማቾቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ማዳም ቪልኩር በዚህ መሃል ወይን ጠጅ የሠራተኛውን ቤት እንዴት እንደሚያፈርስ እየተናገረች ነበር፤ ፔርድሪዜም «ልክ ነው፣ በተለይ ድሃውን» እያለ በወረቀቱ ግርጌ ስሙን በትልቁ ጻፈ።

እስከ ኮሪደሩ የሸኘቻት ኦክታቪ ናት። የኋለኛውን በር ከፍታ ቆመች። ከወጥ ቤቱ የሽንኩርት ጥብስ ሽታ ይመጣል፤ ሠራተኛዋ ድስት ታንኳኳለች። ዜሊ የምትለው ሞልቷት ነበር፦ እማዬ እስክትሞት ድረስ በሩን በሩን ታይ እንደነበር፣ የአበባ ጉንጉኑ ላይ የተጻፈው ስም የባልየው ብቻ እንደነበር።

«እትዬ» አለች ብቻ።

ኦክታቪ ወደ ዜሊ እጅ አየች። «ጥፍርሽ...» ብላ ጀመረች።

«ኦክታቪ!» አለ ድምፁ ከሳሎን፤ «ሲኒዬ ባዶ ነው!»

ኦክታቪ በሩን ዘጋች። ዜሊ በአሽከሮቹ ደረጃ ወረደች።

ቀለም ቤት ስትደርስ ሴቶቹ አጨበጨቡላት፤ ኦኔዚም ግን ወረቀቱን ሲያይ ወንበር ላይ ዘጭ አለ። «ይሄ ፌዝ ነው ወይስ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል? እሑድ ሕዝቡ ሻማ ያበራለታል እኮ!» እያለ አጉረመረመ። ማርቦም ዝም ብሎ እንዲስል ነገረው፤ ገጹ ከሞላ በቂ ነው። ሠዓሊው እያማረረ በቅባት እርሳስ ድንጋዩ ላይ ሳለው፤ አታሚው አሲድና ቀለም አስነክቶ የመጀመሪያዋን ቅጂ ጎትቶ አወጣ። ጥቁርና ነጭ፣ መልከ መልካም፣ ቀጭን፣ ፀጉራም አልሲድ ፔርድሪዜ ብርጭቆውን ወደ ሰማይ አንሥቶ ብቅ አለ። ወደ ሚኒስቴሩ ቢሮ እንደገና ዜሊ ተላከች፤ እግርሽ ዛሬ ቀንቶታል ተብላ። እዚያ ያለው የሳንሱር ጸሐፊ ለምሳ የያዘውን አይብ ከሥዕሎቹ አርቆ ፊርማውን አየ፤ ሥዕሉን አየ፤ እንደገና ፊርማውን አየ።

«ይሄ ሰውዬ ምን አጥፍቶ ነው ጉጠት ላይ የወጣው? እንዲህ ያለ ቆንጆ ሰው እኔ አይቼ አላውቅም!»

«ፈርመውልናል ጌታዬ።»

«ብርጭቆው ውስጥ ያለው ምንድነው?»

«ውሃ ነዋ። የመጠጥ ጠላቶች ፕሬዚዳንት ናቸው።»

ጸሐፊው ማኅተሙን አነሳና ጣለበት። ዜሊ ይህን ስትመልስ ያልዋሸች መሆኗን ልብ ይሏል፤ በዚያ ሰዓት ብርጭቆው የውሃ ነበር።

የቀለም ቤቱ ሥራ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ሰም የጠጣ ወፍራም ወረቀት ለእያንዳንዱ ቀለም ተለክቶ ይቀደዳል፤ ቅዱ ሥዕሉ ላይ ይጋደማል፤ ብሩሹ ከላይ ሲያልፍበት ቀለሙ በቀዳዳው በኩል ብቻ ገብቶ ይቀመጣል። አንዷ ሰማያዊ፣ አንዷ የፊት ቀለም፣ አንዷ ቢጫ እያለች ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ቅዱን የምትቀደው አለቃቸው ዜሊ ናት። ኦኔዚም ቀለም ቀብቶ የሰጣት ናሙና ፊቷ ተቀምጧል፦ ኮቱ ሰማያዊ፣ ጉንጩ ጽጌረዳ፣ መታጠቂያው ከጫፉ ቀይ። ብርጭቆው ነጭ ቀርቷል፤ ውሃ ቀለም የለውምና። ለመታጠቂያው ቀዩን ቅድ ቀደደች፤ ጨረሰች። ቢላዋዋን ግን አላስቀመጠችም።

ቀዩ ቅድ ብርጭቆው ላይ ደፍኖ ተጋድሟል። ከመታጠቂያው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ አውራ ጣት ጥፍር የምታህል አንዲት ቀዳዳ ብትጨመር የትኛዋም ሴት አንድ ተጨማሪ ቀለም መበጥበጥ አያስፈልጋትም፤ ያው ቀይ ነው፣ ያው ብሩሽ ነው። ፊርማው ያለው ገና ቀለም ያልነካው ጥቁሩ ሥዕል ላይ ነው። ማኅተሙ ያለው ጥቁሩ ላይ ነው። ስለ ቀለም የጠየቃት ሰው የለም፤ በሃያ ዓመቷ አንድ ሰው እንኳ ስለ ቀለም ጠይቋት አያውቅም፤ ቀቢ ሴት ምን ሐሳብ አላት ተብሎ! ዜሊ ፈራች። ሰውየው ቢከስና ጋዜጣው ቢዘጋስ? ፊሎሜን ሁለት ልጆች አሏት። ደግሞም የሚቃጠለው ቤት የእህቷ ቤት ነው። ይህን ሁሉ አሰበችና «በተለይ ድሃውን» ያለውን ድምፅ ሰማች፤ ከእሱም ኋላ «ማንም አይደለችም» የሚለውን። ያቃጠላት የኋለኛው ነበር፤ እውነቱን መናገር ይሻላል። ማንም ካልሆንኩ ማንም አላደረገውም ማለት ነው አለችና ቀደደችው።

የመጀመሪያዋ ወረቀት ስትወጣ ጠረጴዛው ዙሪያ ሳቁ ፈነዳ። ያ ቅዱስ የሚመስል ፊት፣ ያ ሰማይ የሚያይ ዓይን፣ ያ የተከበረ መታጠቂያ፣ በእጁ ላይ ደግሞ እስከ ጠርዙ የሞላ ቀይ ወይን። ጽጌረዳ የተባለው ጉንጭ እንኳ ከብርጭቆው አጠገብ ሲታይ ምክንያቱ ተገኘ። አፍንጫ ማሳበጥ አላስፈለገም፤ ሰውየው ራሱን ባሳመረ መጠን የሚያስቅ ሆኖ ቁጭ አለ። ኦኔዚም ባርኔጣውን አወለቀ። ማርቦ ሳቁን ሰምቶ መጣ፤ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወስዶ አየው፤ ለረጅም ጊዜ አየው።

«እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ቀለም አይለይልኝም» አለና መልሶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ «ሦስት ሺህ ቅጂ። ቶሎ በሉ።»

አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ፣ ፀሐዩ በመስኮቱ ገብቶ ጠረጴዛውን አልፎ ወለሉ ላይ ሲደርስ፣ በሩ ተንኳኳ። በሩ አጠገብ የምትቀመጠው ፊሎሜን ከፈተች። ባለ ላባ ባርኔጣ፣ ባለ ሐር ቀሚስ ሴት ቆማለች።

«ማን ልበል እመቤቴ?»

ሴትየዋ በጓንቷ የባርኔጣዋን ጠርዝ ነካች።

«እህቷ ነኝ» አለች ኦክታቪ፤ «የዜሊ እህት።»

ብሩሾቹ ሁሉ ቆሙ። ለዜሊ ከጠዋት ጀምሮ ስትለምነው የነበረው ቃል መጣላት፤ የመጣውም እጇ በቀይ ከተነከረ በኋላ ነው። ሦስት መቶ የሚሆን የተቀባ ወረቀት በገመድ ላይ ተሰጥቶ እየደረቀ ነበር፤ የሚደበቅ አልነበረም። ያም ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን አንዷን ገልብጣ በክንዷ ሸፈነቻት፤ ልጅ ሆና የሰረቀችውን ስኳር ከዚህችው እህቷ ስትደብቅ እንደምታደርገው።

«አልሲድ ልኮኝ ነው» አለች ኦክታቪ። ድምፅዋ የሳሎኑ አልነበረም። «ሁለት መቶ ቅጂ ይፈልጋል። በባቡር ልኮ በአውራጃው ሊበትነው ነው፤ ለየከንቲባው፣ ለየትምህርት ቤቱ። ለካስታኞልም አንድ በክፈፍ።» ይህን ብላ ቀና ስትል ገመዱን አየች።

ሄደች፤ ከገመዱ ሥር ቆመች። ሦስት መቶ አልሲዶች ሦስት መቶ ብርጭቆ አንሥተውላታል። ፊሎሜን አማተበች። ዜሊ «እትዬ፣ እኔ ነኝ ያደረግሁት፣ እነሱ የሉበትም» ልትል አፏን ከፈተች፤ እህቷ ግን ሳትዞር እጇን አንስታ አስቆመቻት።

«ስምንት ዓመት» አለች ኦክታቪ ለወረቀቶቹ፤ «ስምንት ዓመት ሙሉ በሻይ ሲኒ ስቀዳለት ኖርኩ። በእናቴ ቀብር ቀን እንኳ፣ ሰክሮ ወድቆ ብቻውን ልተወው አልቻልኩም ነበር። ሰው ያየዋል ብዬ።»

ቀጥሎ ማንም ያልጠበቀውን አደረገች። የቀኝ እጇን ጓንት ከጣት ጣት እየሳበች አወለቀችው፤ የግራውንም። ጥፍሮቿ ሥር፣ በጣም ደብዝዞ፣ የድሮው ቀይ አለ። ከገመዱ አንዲት ወረቀት አውርዳ ወደ መስኮቱ ወስዳ በብርሃን አየቻት፤ ግንባሯን ቋጠረች። ዜሊ ይህን አስተያየት ታውቀዋለች፤ ድሮ በአንድ ጠረጴዛ ሲሠሩ የእሷን ሥራ አልወደደችም ማለት ነው።

«ቀዩ ተሳስቷል» አለች።

«የመታጠቂያው ነው እኮ» አለች ዜሊ በቀጭን ድምፅ፤ «አንድ ቅድ ነው ያላቸው።»

«ለብቻው ቅደጂለት። እሱ የሚጠጣው ጠቆር ያለውን ነው፤ ቡናማ ጣል አድርጊበት።» ባርኔጣዋን ከነላባው ቢጫ ቀለም የደረቀበት መደርደሪያ ላይ አስቀመጠች። በመስኮቱ በኩል ያለውን ወንበር ሳበች፤ እዚያ የነበረችው ልጅ ብድግ አለችላት። የቀይ ቀለሙን ሳህን ወደ ራሷ አቀረበች፣ ብሩሹን በአውራ ጣቷ ሞከረች።

«ሁለት መቶውን ራሴ እቀባቸዋለሁ» አለች።